ቪታሚኑንም ይንገሩን
ለክሊኒኩ ጎብኚ ባለትዳሮች የተደረገ ንግግር



የዛሬው ርዕሳችን አንድ የተለየ በሽታ ወይም አንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ዘዴ አይደለም። የምንነጋገረው በብዙዎቻችን ቤት በቁም ሳጥን ላይ፣ በመሳቢያ ውስጥ ወይም በእጅ ቦርሳ ውስጥ ስለሚገኙት ብልቃጦች ነው። ለፀጉር፣ ለጥፍር፣ ለድካም፣ ለእንቅልፍ፣ ለድብርት፣ ለኃይል እየተባሉ የሚዋጡት የቪታሚን፣ የማዕድንና የዕፅዋት ኪኒኖች ማለታችን ነው። በአንድ ቃል የምግብ ማሟያ ይባላሉ።

በምርመራ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚደጋገም አንድ ጥያቄና መልስ አለ። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስንል «የለም ሲስተር» ይሉናል። ይህ መልስ ውሸት አይደለም። መልሱን የሰጠችው እናት ለፀጉሯ የምትውጠውን ኪኒን መድኃኒት ብላ አልቆጠረችውም። በእርሷ ቤት መድኃኒት ማለት ሐኪም ጽፎ፣ ፋርማሲ ሸጦ፣ ሲያማት የምትውጠው ነው። ቪታሚን ግን ምግብ ነው፤ የዕፅዋት ኪኒንም ቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ ማንን ይጎዳል? ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጉበታችን፣ ደማችንና የላቦራቶሪው መሣሪያ «ይህ ምግብ ነው፣ ይህ መድኃኒት ነው» ብለው አይለዩም።

ብልቃጡ ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ እምነቱ ይጨምራል። «ከአሜሪካ የመጣ ነው» ሲባል ተመርምሮ የተፈቀደ መድኃኒት ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያዎች ገበያ ላይ ከመዋላቸው በፊት እንደ መድኃኒት በመንግሥት ተመርምረው አይጸድቁም። መንግሥት ጣልቃ የሚገባው በአብዛኛው ችግር ከታየ በኋላ ነው። የላከችላችሁ እህት ወይም አክስት በፍቅር እንደላከችው አንጠራጠርም፤ ፍቅሯ ግን የብልቃጡን ይዘት አይመረምርም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በመጀመሪያ በላቦራቶሪ ውጤት ላይ የሚያደርሱትን እንይ።

ባዮቲን የሚባል ከቢ ቪታሚኖች አንዱ የሆነ ንጥረ ነገር አለ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም ያህል ሲሆን ይህንንም ከእንቁላል፣ ከጉበትና ከመሳሰሉት ምግቦች ያገኘዋል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው በሚሸጡት ብልቃጦች ላይ ግን 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ተጽፎ ይገኛል። 10,000 ማይክሮግራም ማለት ከዕለት ፍላጎታችን ከ300 ጊዜ በላይ የሚበልጥ መጠን ነው። ሰውነት ትርፉን በሽንት ስለሚያስወጣው ባዮቲኑ በራሱ ያን ያህል ጉዳት አያደርስም። ችግሩ ደማችን ላቦራቶሪ ሲገባ ነው።

በርካታ የሆርሞን መመርመሪያዎች ባዮቲንን እንደ ማያያዣ ይጠቀሙበታል። በመመርመሪያው ውስጥ ባዮቲን የሚጣበቅበት ቦታ ተዘጋጅቷል፤ የሚፈለገው ሆርሞን በዚያ ማያያዣ አማካይነት ቦታው ላይ ሲያርፍ መሣሪያው ይቆጥረዋል። ታክሲን አስቡ። ወንበሮቹ የተዘጋጁት ለሚቆጠሩት ተሳፋሪዎች ነው። የፀጉር ኪኒን የዋጠች ሴት ደም ግን የራሱን ባዮቲን ተሸክሞ ይመጣና ወንበሮቹን ቀድሞ ይይዛቸዋል። መቆጠር የነበረባቸው ውጭ ይቀራሉ። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ባለሙያውም አልተሳሳተም፤ ያየውን ጻፈ እንጂ። እንደ ምርመራው አሠራር ታዲያ ውጤቱ ከእውነተኛው ያነሰ ወይም የበለጠ ሆኖ ይወጣል።

ይህ ለእኛ ክሊኒክ ጎብኚዎች ለምን ያስፈልጋል? አንደኛ፣ የእርግዝና ሆርሞን በደም ሲለካ ከሚነኩት ምርመራዎች አንዱ ስለሆነ ነው። በሽንት ከሚሠሩት የእርግዝና መመርመሪያዎችም አንዳንዶቹ በባዮቲን ይታለላሉ። የወር አበባዋ የቀረባት አንዲት እናት ተመርምራ «እርግዝና የለም» ተብላ ስትሄድ፣ በሆዷ ያለው ጽንስ ግን ያለ ክትትል ሳምንታት ሊቆጥር ይችላል። በዚያው ጊዜ ለነፍሰ ጡር የማይሰጥ መድኃኒት ልትወስድ ትችላለች፤ ወይም ደግሞ ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ከሆነ በጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል። ይህኛው ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ሁለተኛው የእንቅርት ዕጢ ወይም የታይሮይድ ምርመራ ነው። ባዮቲን እዚህ ላይ የሚሠራው ነገር ለሐኪምም አሳሳች ነው። ዝቅ ብሎ ሊታይ የማይገባውን ሆርሞን ዝቅ፣ ከፍ ሊል የማይገባውን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ላይ ሲነበቡ ዕጢው ከመጠን በላይ እየሠራ ያለ ያስመስላሉ። ጤነኛ ሴት በወረቀት ላይ በሽተኛ ትሆናለች፤ የማያስፈልጋት መድኃኒትም ሊታዘዝላት ይችላል። እንቅርት በብዛት በሚታይበት አገራችን እንዲህ ያለ ውጤት ማንንም አያስደንቅምና «ተደግሞ ይታይ» ለማለት የሚያስብ ላይኖር ይችላል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ስለዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ በ2019ም አድሶታል። በማስጠንቀቂያው ላይ ብዙ ባዮቲን ይወስድ የነበረ አንድ ሕመምተኛ የልብ ጉዳትን የሚያሳየው ምርመራ በሐሰት ዝቅ ብሎ ከተነበበ በኋላ መሞቱ ተገልጿል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አምራቾች መመርመሪያዎቻቸውን አሻሽለዋል፤ በየላቦራቶሪው ያለው መሣሪያ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባዮቲን ያለበት ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ንገሩ። ለታይሮይድ ምርመራ ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ማቋረጥ ይመከራል፤ መጠኑ በጣም ከፍተኛ ከሆነ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ሐኪም ለበሽታ ያዘዘላችሁ ከሆነ ግን ሳትጠይቁ አታቋርጡ። አጣዳፊ ሕመም ሲሆን ደግሞ ምርመራውን ለነገ ማለት አይገባም፤ መናገሩ ብቻ ይበቃል። ባዮቲን «ብዙ ቪታሚን» ተብለው በሚሸጡ ቅልቅል ኪኒኖችና አንዳንድ ጊዜም ለነፍሰ ጡሮች በሚዘጋጁት ውስጥ ስለሚገኝ ብልቃጡን ገልብጦ ማንበብ ያስፈልጋል።

ቪታሚን ሲም የራሱ ጣጣ አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ውኃ ውስጥ ሲጣል የሚፈላው ባለ 1,000 ሚሊግራም ኪኒን በየቤቱ ገብቶ ነበር፤ እስከ ዛሬም የለመደ አለ። ብዙ ቪታሚን ሲ በሽንት ሲወጣ፣ በሽንት ውስጥ ያለው ስኳር ወይም ደም በመመርመሪያው ወረቀት ላይ እንዳይታይ ሊያደርግ ይችላል። ነፍሰ ጡር እናት ሽንቷን የምትሰጠው ለዚህና ለመሳሰለው ስለሆነ የወረቀቱ ቀለም አለመቀየር ሁልጊዜ የምሥራች ላይሆን ይችላል። ብርቱካንና ሎሚ መብላት ይህን አያመጣም፤ የምንለው ስለ ኪኒኑ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም መድኃኒትን ወደሚያዳክሙት እንሻገር። ለባለትዳሮች ከሁሉ የሚያሳስበውም ይኸው ነው።

ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ቢጫ አበባ ያለው ተክል አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ ለድብርትና ለጭንቀት ኪኒኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። በደጋችን የሚበቅለው አሜጃ የዚሁ ተክል ወገን ነው፤ እዚህ የምንናገረው ግን ስለ አሜጃ ሳይሆን በብልቃጥ ስለሚመጣው ነው። ባሏ ሥራ የፈታባት፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ቤቱ የጨለመባት አንዲት እናት ጭንቀቷን ውጭ አገር ላለችው እህቷ ብታጫውት፣ ሊላክላት ከሚችሉት ብልቃጦች አንዱ ይህ ነው።

ጉበታችንን እንደ ወፍጮ ቁጠሩት። የምንውጠውንና በቆዳ ሥር የሚቀበርልንን ሆርሞን ቀስ በቀስ እየፈጨ ያስወግደዋል። የኪኒኑም ሆነ የኢምፕላንቱ መጠን የተለካው ወፍጮው በተለመደው ፍጥነት እንደሚፈጭ ታስቦ ነው። ሴንት ጆንስ ዎርት ግን ወፍጮውን ያፈጥነዋል። በደም ውስጥ የሚቀረው ሆርሞን ያንሳል፤ እርግዝናን የሚከላከለው ኃይልም ይቀንሳል። ኪኒን ለምትወስድ ሴት ከወር አበባ ውጭ የሚታይ ደም አንዱ ምልክት ነው። ምልክት ሳይታይም እርግዝና ሊከተል ይችላል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በክንድ የሚቀበር መከላከያ ይዘው ይህን ተክል የወሰዱ ሴቶች ሳያስቡት ማርገዛቸውን ጠቅሶ፣ ሆርሞን ለእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ሴቶች እንዳይወስዱት መክሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ትዳር አንድ ነገር እንናገር። ሚስት በክንዷ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት የሚሠራ መከላከያ እንዳለ ባል ያውቃል። ባል ያምነዋል፣ እርሷም ታምነዋለች። ድንገት ስታረግዝ በቤት ውስጥ የሚነሳው ጥርጣሬ ምን ዓይነት እንደሆነ አይጠፋችሁም። «አስወጥተሽው ነው?» ከሚለው ጀምሮ ከዚያ እስከሚከፋው ድረስ። ድብርቷን ከባሏ የደበቀች ሴት ደግሞ ኪኒኑንም ደብቃ ስለምትወስደው መንስኤውን የሚያውቅ ማንም አይኖርም። ለድብርት ሐኪም ዘንድ መሄድ ማፈሪያ ሆኖ፣ ሳይጠይቁ ብልቃጥ መዋጥ ግን እንደ ጨዋነት መቆጠሩ ያሳዝናል። ለድብርት ከሆርሞን መከላከያ ጋር የማይጋጩ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪም ይመርጥላችኋል።

በመዳብ የተሠራው ሉፕ ሆርሞን ስለሌለው በዚህ ተክል አይነካም። ወፍጮውን የሚያፈጥኑ የታዘዙ መድኃኒቶችም እንዳሉ አትርሱ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እነርሱ የግድ መወሰድ ያለባቸው ስለሆኑ የሚቀየረው የመከላከያው ዘዴ ነው።

ስለ አይረን ኪኒን ስንናገር ደግሞ አደራ፣ በተሳሳተ መንገድ እንዳትረዱን። ለነፍሰ ጡር እናት የሚታዘዘው አይረንና ፎሊክ አሲድ አስፈላጊ ነው። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴትም ከማርገዟ በፊት ጀምራ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ የሕፃኑን የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት ለመከላከል ይረዳል። ጉዳዩ የሰዓት ጉዳይ ነው። አይረንና ካልሲየም በሆድ ውስጥ ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር ተጣብቀው ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጓቸዋል።

ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ ነፍሰ ጡር እናት ለዚህ ትልቅ ምሳሌ ናት። መድኃኒቷን ከአይረኑ ወይም ከካልሲየሙ 2 ሰዓት ቀደም ብላ፣ ወይም 6 ሰዓት ቆይታ መውሰድ አለባት። ይህ ካልተመቻት አንድ ላይ ልትወስዳቸው ትችላለች፤ ነገር ግን ከምግብ ጋር መሆን አለበት፤ በባዶ ሆድ አይሆንም። ለጨጓራ የሚጠጣው ነጭ ሽሮፕ ግን ከምግብ ጋርም ቢሆን የ2 እና የ6 ሰዓቱን ደንብ ይጠብቃል። ይህ ጥቂት ሰዓት በማኅፀን ያለውን ሕፃን ከቫይረሱ ከመጠበቅ ጋር የተያያዘ ነው። የእንቅርት ዕጢ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከአይረንና ከካልሲየም 4 ሰዓት አራርቁት። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ያሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ሲታዘዙላችሁም አይረን እንደምትወስዱ ተናገሩ።

አይረን ስትወስዱ ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ። ከኪኒኑ ጋር ቡናና ሻይ አትጠጡ፤ አይረኑ በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይፈላ፤ ጎረቤትም ይታገሣል።

አሁን ደግሞ ተራው የአባቶች ነው። ሚስትን አጅቦ መጥቶ «እኔ ምንም አልወስድም» ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል የሚመለከት ባል ብዙ ነው። ጡንቻ ለማጎልበት ስፖርት ቤት የሚሄዱ ወንዶች የሚወስዱት ክሬቲን የሚባለው ዱቄት፣ ኩላሊትን ለመመርመር የሚለካውን ክሬቲኒን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ይደነግጣል። ከዚህ የሚከፋው ግን በአንዳንድ የጡንቻ ማጎልበቻዎች ውስጥ በብልቃጡ ላይ ሳይጻፍ የሚገኘው የወንዴ ሆርሞን ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ሆርሞን ከውጭ ሲገባ ሰውነት የራሱን ሥራ ይተዋል፤ የዘር ፍሬ መመረትም ይቀንሳል፤ አልፎ ተርፎም ሊቆም ይችላል። ልጅ አጥተው በሚንከራተቱ ባልና ሚስት መካከል ይህን የሚያውቀው ባል ብቻ ከሆነ፣ ምርመራው ሁሉ በሚስት ላይ ሲወርድ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የዘር ፍሬ ተመርቶ ለመብሰል ወደ 3 ወር ገደማ ስለሚወስድ ካቆሙ በኋላም መታገሥ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱም ከዚያ ይቆያል።

«ለወንድ ኃይል» እየተባሉ የሚሸጡት ደግሞ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍባቸዋል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በእነዚህ ውስጥ በተደጋጋሚ ሲልደናፊልን፣ ማለትም ቫያግራ የሚባለውን መድኃኒት፣ ተደብቆ አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያለ መድኃኒት የተቀላቀለበት ማር እስከ ማግኘት ደርሷል። ማሩ ለምን እንደሠራ እንግዲህ ይህ ነው ምሥጢሩ። የልብ ሕመም ኖሮት ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ይህን ቢደርብበት የደም ግፊቱ በአንድ ጊዜ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ባል ከሚስቱ ደብቆ የወሰደው ከሆነ፣ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ ለሐኪሙ የምትናገረው ነገር አይኖራትም።

የቤታችን ቅመማ ቅመምስ? ወጥ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርት፣ ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው ጥቁር አዝሙድ ማንንም አያስፈራም። እንደ መድኃኒት በብዛት ሲወሰዱ ግን ሌላ ነው። አብሽና ጥቁር አዝሙድ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርጉ ስለሚችሉ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየዕለቱ በብርጭቆ ሲጠጣቸው ስኳሩን እየተለካ፣ ለሐኪሙም እየነገረ መሆን አለበት። አብሽን በተመለከተ ለአራሶች አንድ የምትገርም ነገር አለች። አብሽ አብዝታ የጠጣች እናት፣ ወይም አብሽ የቀመሰ ሕፃን ሽንት ጣፋጭ የሽሮፕ ሽታ ሊያመጣ ይችላል። ይህ ሽታ በውጭ አገር ሐኪሞች ዘንድ የአንድ ብርቱና ብርቅ የሆነ የሕፃናት በሽታ ምልክት ነው። ውጭ አገር የምትወልድ ልጃችሁን ለማረስ የምትሄዱ እናቶች አብሹን ይዛችሁ ስትሄዱ ለሐኪሙም አብራችሁ ንገሩ።

በልብ በሽታ ምክንያት ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን የሚባለውን የምትወስዱ ሰዎች ደግሞ ቪታሚን ኬ ያለበትን ማንኛውንም ኪኒን ወይም የቅጠል ዱቄት ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃወማልና። ጎመን መብላት አልተከለከለም፤ አንድ ሳምንት በየቀኑ በልቶ ሌላውን ሳምንት መተው ግን ልኬቱን ያዛባል።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ኪኒን ወይም ኢምፕላንት እየተጠቀምኩ ሴንት ጆንስ ዎርት ወስጄ ብገኝ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። መከላከያውን አታቋርጪ፤ ኢምፕላንቱንም ለማስወጣት አትቸኩዪ። ተክሉን ማቆሙን ግን በራስሽ አታድርጊው፤ በተለይ ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ከሐኪም ጋር ተነጋገሪ። ተክሉ ከቆመ በኋላም ጉበት ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ለመመለስ ጊዜ ስለሚፈልግ ለ4 ሳምንት ያህል ኮንዶም ጨምሩበት፤ ይህን ደግሞ ባል ካልተባበረ ብቻሽን አትወጪውም። የወር አበባ ከቀረ ተመርመሪ። በቅርብ ቀን ግንኙነት ተደርጎ ፖስትፒል ለመውሰድ የምታስቢ ከሆነ፣ ተክሉ እርሱንም ስለሚያዳክመው ከፋርማሲ ገዝተሽ ከመዋጥሽ በፊት ወደ ክሊኒኩ ነይ። በ5 ቀን ውስጥ ከደረስሽ የመዳብ ሉፕ ማስገባት ይቻላል፤ እርሱ በተክሉ አይነካም።

ወደ ምርመራ ክፍል ስትገቡ ብልቃጡን ራሱን ይዛችሁ ግቡ፤ ስሙና መጠኑ በላዩ ስላለ ከቃል ይሻላል። ከባድ ከሆነ ወይም ቤት ከቀረ በስልክ ያነሳችሁትን ፎቶ አሳዩን። ጽሑፉ በማታውቁት ቋንቋ ቢሆንም ግድ የለም፤ አብረን እናነበዋለን። ለብቻችሁ መናገር የምትፈልጉት ነገር ካለም ለሲስተር በጆሮዋ ንገሯት፤ ባልን ወይም ሚስትን ውጭ ቆዩ ማለት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።